መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችና የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ንጽሕና

በሰሜን ሸዋ ከአንኮበር ተራሮች ግርጌ የምትገኘው አሊዩ አምባ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሸዋ መንግሥት የንግድ በር ነበረች። ከታጁራ ወደብ ተነስተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው የሚመጡ የግመል ሲራራዎች ጭነታቸውን የሚያራግፉት በዚህች የገበያ ከተማ ሲሆን፣ ግመል የአንኮበርን ዳገት መውጣት ስለማይችል ዕቃው ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ የሚደርሰው በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጫንቃ ነበር።

በዛሬው ጊዜ ከቆላው ይፋት ወደ ደጋው ከሚወጡት መካከል ሕሙማን ይገኙበታል። ከአሊዩ አምባና ከአካባቢዋ ቀበሌዎች በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊታከም የማይችል ሕመምተኛ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ከሸዋ ሮቢት የሚነሳው አምቡላንስ ደግሞ ደብረ ሲናን አልፎ፣ የጣርማ በርን ዳገት ወጥቶ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። ሕመሙ ከዚያም በላይ የሆነበት ሰው እስከ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይቀረዋል።

ይህ ጉዞ የሚያበቃው ብዙውን ጊዜ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። ቤተሰብ ከብት ሸጦ፣ ዕቁብ አውጥቶ ወይም ከዘመድ ተበድሮ ሕመምተኛውን እዚህ የሚያደርሰው የመጨረሻው ተስፋ እዚያ እንዳለ በማመን ነው። ይሁንና በዓለም ዙሪያም ሆነ በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ሕይወት እንዲያተርፍ የተዘጋጀው አልጋ ራሱ በአግባቡ ካልጸዳ መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች መናኸሪያ ሊሆን ይችላል።

ችግሩ የሐኪሞች ብቻ አይደለም። የውኃ መስመር የሚዘረጋው፣ የጽዳት ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ የበጀት ርዕስ የሚከፍተው፣ ግዥ የሚያጸድቀውና መድኃኒት ቤቶችን የሚቆጣጠረው የመንግሥት መዋቅር የሚወስናቸው ውሳኔዎች የጽኑ ሕሙማን ክፍል በሽተኛን የሚያድን ወይም በሽታ የሚጨምር እንዲሆን ከፍተኛ ድርሻ አላቸው።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምን ይበልጥ ይጋለጣል?

የጤነኛ ሰው ቆዳ፣ የአፍንጫው ፀጉርና ሳሉ ባክቴሪያ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከላከሉ የተፈጥሮ አጥሮች ናቸው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ግን እነዚህ አጥሮች ተከፍተውበታል። በጉሮሮው የመተንፈሻ ቱቦ፣ በደም ሥሩ የመድኃኒት መስጫ፣ በሽንት መውጫው ደግሞ ካቴተር ይገባለታል። እነዚህ መሣሪያዎች ሕይወቱን የሚያቆዩ ቢሆኑም፣ ንጽሕናቸው ካልተጠበቀ እያንዳንዳቸው ለባክቴሪያ በር ይሆናሉ።

ሁለተኛው ምክንያት በሕመምተኛው ዙሪያ የሚመላለሰው እጅ ብዛት ነው። ሐኪሙ፣ ነርሷ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና አስታማሚው በአንድ ቀን ውስጥ አልጋውን፣ የአልጋውን ጠርዝ፣ የመቆጣጠሪያውን መሣሪያ ቁልፎችና የመድኃኒት መስቀያውን በተደጋጋሚ ይነካሉ። ሦስተኛው ምክንያት በክፍሉ ውስጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በብዛት መሰጠታቸው ነው። ለመድኃኒቱ የሚሸነፉት ባክቴሪያዎች ሲሞቱ የተላመዱት ያለ ተቀናቃኝ ይራባሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 ያወጣው ሪፖርት፣ በሆስፒታል ከሚተኙ 100 ሕሙማን መካከል በበለጸጉት አገሮች 7ቱ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ደግሞ 15ቱ በቆይታቸው ወቅት ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ኢንፌክሽን እንደሚይዛቸው ያመለክታል። በዚህ መንገድ ከሚያዙት በአማካይ ከ10ሩ አንዱ ሕይወቱን ያጣል። በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሚያዙት ቁጥር እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ሪፖርቱ አያይዞም የእጅ ንጽሕናን ጨምሮ የኢንፌክሽን መከላከል ሥራዎች በአግባቡ ከተተገበሩ ከኢንፌክሽኖቹ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑትን ማስቀረት እንደሚቻል ገልጿል።

በደረቅ ነገር ላይ ለወራት መቆየት

በርካታ ሰዎች ባክቴሪያ ከሰው አካል ውጭ ወዲያው የሚሞት ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ በ2006 የታተመ የጥናቶች ዳሰሳ እንደሚያሳየው ግን፣ አሲኔቶባክተር የተባለው ባክቴሪያ በደረቅ ነገር ላይ ከ3 ቀናት እስከ 5 ወራት፣ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ከ7 ቀናት እስከ 7 ወራት፣ ክሌብሴላ ደግሞ ከ2 ሰዓት እስከ 30 ወራት በላይ በሕይወት ሊቆዩ ይችላሉ። ይህም ማለት አንድ ሕመምተኛ ድኖ ወይም አርፎ ከአልጋው ከተነሳ በኋላ ጥሎት የሄደው ባክቴሪያ የሚቀጥለውን ሕመምተኛ እዚያው ሊጠብቀው ይችላል ማለት ነው።

በአገራችን የተካሄዱ ጥናቶችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። እ.ኤ.አ በ2013 ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የወጣ ጥናት በባለሙያዎች አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን የማዳመጫ መሣሪያ፣ ማለትም ስቴቶስኮፕን የመረመረ ሲሆን፣ ከ176ቱ መሣሪያዎች 85 በመቶ ያህሉ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል። እ.ኤ.አ በ2019 በመቀሌ ዓይደር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች መሣሪያዎችና ዕቃዎች ላይ የተደረገው ምርመራም ከተወሰዱት ናሙናዎች አብዛኞቹ ባክቴሪያ እንደነበረባቸው አመልክቷል።

እ.ኤ.አ በ2020 ይፋ የሆነው የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ጥናት ከ160 በላይ ናሙናዎችን ከአልጋዎች፣ ከጠረጴዛዎችና ከሕክምና መሣሪያዎች ወስዶ ከአሥሩ ከስምንት በሚበልጡት ላይ ባክቴሪያ አግኝቷል። በብዛት የታየውም በጽኑ ሕሙማን ላይ ከባድ ኢንፌክሽን በማድረስ የሚታወቀው አሲኔቶባክተር ነበር።

እነዚህ ግኝቶች የአንድ ተቋም ጉድለት ማሳያ ተደርገው ሊወሰዱ አይገባም። ጥናቶቹ የተካሄዱት ችግራቸውን ለመመርመር በር በከፈቱ ሆስፒታሎች በመሆኑ፣ ያልተመረመረ ሆስፒታል ንጹሕ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሀብት ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንም በአሜሪካ የተከሰተው ያስረዳል። እ.ኤ.አ በ2011 በሜሪላንድ ግዛት በሚገኘው የአገሪቱ ብሔራዊ የጤና ተቋም ሆስፒታል አንዲት ሕመምተኛ ይዛው ከገባችው መድኃኒት የተላመደ ክሌብሴላ 18 ሕሙማን የተያዙ ሲሆን 11ዱ ሞተዋል። ከእነዚህ የ6ቱ ሞት ከኢንፌክሽኑ ጋር የተያያዘ እንደነበር ተረጋግጧል። ባክቴሪያው ከእጅ መታጠቢያ ፍሳሽ መውረጃዎችና በተደጋጋሚ ከጸዳ የመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያ ላይ ጭምር ተገኝቷል።

ባክቴሪያ መድኃኒትን የሚላመደው እንዴት ነው?

አንዳንድ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታሉ። ሌሎቹ የገባባቸውን መድኃኒት መልሰው ወደ ውጭ ያስወጣሉ ወይም መድኃኒቱ የሚያነጣጥርበትን የአካላቸውን ክፍል ይለውጣሉ። አሳሳቢው ነገር ይህን ችሎታ የያዘው ዘረ መል ከአንዱ የባክቴሪያ ዓይነት ወደ ሌላው መተላለፍ መቻሉ ነው። በመሆኑም በአንድ ሕመምተኛ አንጀት ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖር ባክቴሪያ ለገዳዩ መሰሉ የመከላከያ መሣሪያ ሊያቀብል ይችላል።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን ከሚገባው መጠን አሳንሶ መውሰድ ተሕዋስያኑ እንዲላመዱት እንደሚያደርግ አስጠንቅቆ ነበር። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጥቂት እንክብሎችን ገዝቶ መዋጥ፣ ሲሻል አቋርጦ ቀሪውን ለጎረቤት ማካፈል እንዲሁም ለእንስሳት ያለ አግባብ መስጠት ማስጠንቀቂያው ዛሬም እንዲጸና ያደረጉ ልማዶች ናቸው።

የሚያስከትለው ጉዳት በሕክምናው ክፍል በግልጽ ይታያል። በሆስፒታሎቻችን በስፋት የሚሰጠው ሴፍትሪያክሶን ሳይሠራ ሲቀር ሐኪሙ ወደ ሜሮፔነም ይሸጋገራል። ሜሮፔነም ካልሠራ ደግሞ በእጁ የሚቀሩት አማራጮች ጥቂት፣ ውድና እንደ ኮሊስቲን ያሉ ኩላሊትን ሊጎዱ የሚችሉ መድኃኒቶች ናቸው። ሜሮፔነምን ጨምሮ ካርባፔነም የተባሉትን መድኃኒቶች የተላመደው አሲኔቶባክተር የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2017 ባወጣውና በ2024 ባሻሻለው ዝርዝር እጅግ አንገብጋቢ ከተባሉት ተሕዋስያን ተርታ ተመድቧል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ እ.ኤ.አ በ2019 ብቻ 1 ነጥብ 27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ መሞታቸውን፣ ከ4 ነጥብ 95 ሚሊዮን ሞት ጋር ደግሞ ችግሩ ተያያዥነት እንደነበረው ላንሴት የተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጥናት አስታውቋል። ከተጎጂዎቹ መካከል ጨቅላ ሕፃናት ይገኙበታል። የአዲስ አበባው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የተሳተፈበትና እ.ኤ.አ ከ2015 ጀምሮ በሰባት አገሮች ከ36 ሺህ በላይ ጨቅላ ሕፃናትን ያካተተው ጥናት፣ በአራስነት ለሚከሰት የደም መመረዝ ዋነኛው ምክንያት ክሌብሴላ እንደሆነና ለተለመዱት መድኃኒቶች በእጅጉ የማይበገር መሆኑን አሳይቷል።

ወደ ቆላው የሚመለሰው መንገድ

እ.ኤ.አ በ2008 በህንድ ሆስፒታል ታክሞ ወደ ስዊድን የተመለሰ አንድ ሕመምተኛ ካርባፔነምን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚያመርት ባክቴሪያ ይዞ ተገኘ። በኒው ዴልሂ ከተማ ስም የተሰየመው ይህ ዘረ መል እ.ኤ.አ በ2017 በወጣ ጥናት በጅማ ከሕሙማን በተወሰደ አሲኔቶባክተር ላይም መታየቱ ተገልጿል። ለተሕዋስያኑ አህጉር አቋርጦ መሄድ የሚቻል ከሆነ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ አሊዩ አምባ መውረድ እጅግ አጭር መንገድ ነው።

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል የወጣ ሰው የተላመደውን ባክቴሪያ በቆዳው ወይም በአንጀቱ ይዞ፣ ራሱ ሳይታመም ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። በአገራችን ሕመምተኛን የሚያጥበው፣ የሚያገላብጠውና የሚመግበው አብዛኛውን ጊዜ አስታማሚው ነው። ከቤት የመጣው ጋቢ፣ ምግብ የተያዘበት ሳህንና የእጅ ስልክ ከክፍሉ ወጥተው ወደ ቀበሌው ይመለሳሉ። የአምቡላንሱ ቃሬዛም ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። በመሆኑም በሪፈራል ሆስፒታል የሚደረግ ጥንቃቄ በሰንሰለቱ ታች ያለውን ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው የሚያደርገው ጥንቃቄም ሪፈራል ሆስፒታሉን ይጠብቃል።

ከዚህ አንፃር ሕመምተኛው ይዞት የሚጓዘው የሪፈር ወረቀት ትልቅ ትርጉም አለው። የባክቴሪያ ካልቸር ምርመራ ውጤቱ፣ የወሰዳቸው መድኃኒቶችና የተገጠሙለት ቱቦዎች በወረቀቱ ላይ ከሰፈሩ ተቀባዩ ተቋም ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ተገቢውን ጥንቃቄ ማድረግ ይችላል።

ውኃ፣ ሳሙናና በረኪና

እንግሊዛዊው የሕክምና ባለሙያ ቻርልስ ጆንስተን እ.ኤ.አ በ1842 በአሊዩ አምባ በትኩሳት ታሞ ወራትን ባሳለፈበት ዘመን፣ ሐኪሞች በሽታን በራሳቸው እጅ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚያዛምቱ አያውቁም ነበር። ከአምስት ዓመታት በኋላ በቪየና ኢግናዝ ሰምልዋይዝ የተባለው ሐኪም ባልደረቦቹ ወላዶችን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን በክሎሪን ውሕድ እንዲታጠቡ በማድረጉ፣ በክፍሉ 18 በመቶ ደርሶ የነበረው የእናቶች ሞት በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 2 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሏል። ያ ግኝት እስካሁን ከሁሉ የሚረክሰውና ውጤታማው መከላከያ ነው።

የጽዳት ሥራ የራሱ ሥርዓት አለው። በቅድሚያ ደም፣ ምራቅና ሌላ ቆሻሻ በውኃና በሳሙና መታጠብ ይኖርበታል፤ ክሎሪን ቆሻሻ ላይ ሲፈስ ኃይሉ ይደክማልና። ከዚያም የተበጠበጠው በረኪና በታጠበው ነገር ላይ በመመሪያው ለተወሰነው ጊዜ እንዲቆይ ይደረጋል። 5 በመቶ ክሎሪን ካለው በረኪና 0 ነጥብ 5 በመቶ ለማዘጋጀት አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ይደባለቃል። ድብልቁ በየቀኑ በአዲስ መዘጋጀት አለበት። ጽዳቱ ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች የሚከናወን ሲሆን፣ አንድ አልጋ የተወለወለበት ጨርቅ ሳይታጠብ ወደ ሌላ አልጋ መሻገር የለበትም።

በቆላማው ይፋት ይህ ሥርዓት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በረኪና በሙቀትና በፀሐይ ብርሃን ኃይሉን ስለሚያጣ፣ በሸዋ ሮቢት በመሰለ ሞቃት ከተማ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በሚገኝ መጋዘን ለወራት የተቀመጠ በረኪና በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ጉልበት ላይኖረው ይችላል። በአንድ ጊዜ ለዓመት የሚበቃ በረኪና የሚገዛ ተቋም ቀዝቃዛና ጨለማ ማከማቻ ከሌለው ገንዘቡን ያባክናል፤ የጽዳት ሠራተኛዋም ተባይ የማይገድል ውኃ ይዛ ክፍሉን ታዳርሳለች። ግዥውን በሩብ ዓመት ከፋፍሎ መፈጸም የፋይናንስና የግዥ ክፍሎች በቀላሉ ሊወስኑት የሚችሉት ጉዳይ ነው።

የጽዳት ሠራተኞችም እንደ ባለሙያ ሊታዩ ይገባል። የአልጋ ጠርዝ፣ የበር እጀታ፣ የቧንቧ መክፈቻና የመቆጣጠሪያ መሣሪያ ቁልፍ ብዙ እጅ የሚነካቸው በመሆኑ ከወለሉ ይልቅ አዘውትረው መጽዳት እንዳለባቸው ያልተነገራት ሠራተኛ ወለሉን አንጸባርቃ ልትወጣ ትችላለች። በቂ ሥልጠና፣ ጓንትና ቦቲ ጫማ እንዲሁም የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ለዚህ ሥራ የሚጠየቁ ዝቅተኛ መስፈርቶች ናቸው።

ኅብረተሰቡ ንጽሕና ወረርሽኝን እንደሚከላከል ከጥንት ይገነዘባል። በ1911 ዓ.ም ብዙ ሕዝብ የፈጀውን የኅዳር በሽታ በማስታወስ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻን ሰብስቦ ማቃጠል ልማድ ሆኖ ቆይቷል። ለጽኑ ሕሙማን ክፍል ግን በዓመት አንድ ቀን ቀርቶ በቀን አንድ ጊዜ የሚደረግ ጽዳትም ላይበቃ ይችላል።

የተወሰዱ እርምጃዎችና የሚጠበቁ ተግባራት

ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ መሠረት የሚሆኑ ሥራዎችን አከናውናለች። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በ2005 ለጤና ተቋማት የኢንፌክሽን መከላከል መመሪያ ያወጣ ሲሆን፣ መመሪያው በተከታታይ ተሻሽሏል። መድኃኒት የተላመዱ ተሕዋስያንን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የሚያስችል የመጀመሪያው ብሔራዊ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ በ2011 ወጥቷል። ሦስተኛው ስትራቴጂ እ.ኤ.አ ከ2021 እስከ 2025 የተዘጋጀ ሲሆን የሰውን፣ የእንስሳትንና የአካባቢን ጤና በአንድነት ይመለከታል። ንጹሕና ደኅንነታቸው የተጠበቀ የጤና ተቋማትን ለመፍጠር እ.ኤ.አ በ2014 አገር አቀፍ ንቅናቄ ተጀምሯል። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም እ.ኤ.አ በ2017 የተላመዱ ባክቴሪያዎችን በተመረጡ ላቦራቶሪዎች አማካይነት መከታተል ጀምሯል።

እ.ኤ.አ በመስከረም 2024 የተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ከፍተኛ ስብሰባ እስከ 2030 ድረስ ከችግሩ ጋር የተያያዘውን ሞት በ10 በመቶ ለመቀነስ ግብ አስቀምጧል። በዚሁ ስምምነት ሁሉም የጤና ተቋማት መሠረታዊ የውኃና የንጽሕና አገልግሎት እንዲኖራቸው ተወስኗል። ግቡ የተቀመጠው በኒው ዮርክ ቢሆንም የሚፈጸመው ግን በዞን፣ በወረዳና በየተቋሙ የሥራ ዕቅድ ውስጥ ሲካተት ነው።

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም ጀምሮ በአገራችን ሲስፋፋ የጽኑ ሕሙማን አልጋዎችና የመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያዎች ቁጥር እንዲጨምር ተደርጓል። በወቅቱ ዩኒቨርሲቲዎች የእጅ ማጽጃ አልኮል በራሳቸው አቅም አምርተው ማከፋፈላቸውም ይታወሳል። በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ሳቢያ በሰሜን ሸዋና በወሎ በርካታ የጤና ተቋማት ጉዳትና ዝርፊያ ደርሶባቸዋል። የተጎዳን ተቋም ለመጠገንም ሆነ አዲስ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለመክፈት ሲታቀድ፣ ከመሣሪያው ግዥ ጎን ለጎን የማይቋረጥ ውኃ፣ በየአልጋው አቅራቢያ የእጅ መታጠቢያ፣ በአልጋዎች መካከል በቂ ርቀትና የሠለጠነ የጽዳት ኃይል መታሰብ ይኖርበታል። የመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያ ሲመረቅ ይታያል፤ ቧንቧው በደረቀበት ክፍል የተተከለ መሣሪያ የሚያመጣው ጉዳት ግን ለምረቃ አይቀርብም።

ከዚህ ሌላ የማይክሮባዮሎጂ ላቦራቶሪ አቅም ሊጠናከር ይገባል። የካልቸር ምርመራ ውጤት ለመድረስ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ቀናት ይወስዳል፤ ምርመራው በሌለበት ግን ሐኪሙ የሚያዘው በግምት ነው። ግምቱ ሲሳሳት ሕመምተኛው ይጎዳል፤ ያልሠራው መድኃኒትም ሌሎች ባክቴሪያዎች እንዲላመዱት ዕድል ይሰጣል። የቁጥጥር አካላት በበኩላቸው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ የተጣለባቸውን ኃላፊነት በተከታታይ መወጣት ይጠበቅባቸዋል።

የሥራ ግምገማም ከዚሁ ጋር መጣጣም አለበት። አንድ ሆስፒታል በዓመቱ ስንት ሕሙማን እንዳስተናገደ ብቻ ሳይሆን፣ ከተኙት መካከል ስንቶቹ በቆይታቸው ሌላ ኢንፌክሽን እንደያዛቸው፣ ውኃ ስንት ቀን እንደተቋረጠና ሳሙና ስንት ቀን እንደጠፋ በሪፖርቱ ሊጠየቅ ይገባል። ቁጥሩን በሐቀኝነት ያቀረበ ኃላፊ የሚወቀስ ከሆነ የሚቀጥለው ሪፖርት ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ ባዶ ሪፖርት ደግሞ ባክቴሪያውን አያጠፋም።

ከአሊዩ አምባ ተነስቶ ዳገቱን የሚወጣው ሕመምተኛ በጉዞው የሚያልፍባቸውን በጀቶች፣ መመሪያዎችና ግዥዎች አያውቃቸውም። የሚያየው የሚተኛበትን አልጋና የሚነካውን እጅ ነው። አልጋውና እጁ ንጹሕ ሆነው እንዲጠብቁት ማድረግ የጤና ባለሙያው፣ የጽዳት ሠራተኛዋና በየደረጃው ያለው አመራር የጋራ ኃላፊነት ነው።